ጉድጓድ ለሚወርድ ምርቃት የለም

ጥቅምት 4

እማዬ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ብጀምር «መሰንበቴ ዛሬ ታወሰሽ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁና፣ ከሩቅ ስሜሽ ሰላምታውን አልፈዋለሁ። ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛብኝ ማለት ሰበብ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እውነትም በዝቶብኝ ነበር።

አዎ፣ የሰማሽው ልክ ነው። የተዘጋውን የከሰል ጉድጓድ የገዛው እኔ የምሠራበት ኩባንያ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ለጎብኚ ይከፈታል። አዎ፣ አባዬ የቀረበት ጉድጓድ። ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ የጻፍሽው ጥያቄ ስለሆነ ሦስት ጊዜ እንደመለስኩልሽ ቁጠሪው።

«ሥራሽ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ‹ሥዕል ትሥላለች› እያልኩ ነው» ላልሽው፣ ሥዕልም አለበት። ሰው አንድ ቦታ ሊጎበኝ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ፣ የት ቆም እንደሚል፣ ምን እንደሚሰማ፣ በየት በር እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። ጎብኚው ቤቱ ገብቶ ጎረቤቱ «እንዴት ነበር?» ሲለው «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ካለ፣ ደሞዜን በከንቱ በላሁ ማለት ነው። ወንበር ስቦ፣ ሻዩን ረስቶ ማውራት ከጀመረ ግን ሥራዬን ሠርቻለሁ።

በዚህ ወር ሥራ አስኪያጁ እናንተ ዘንድ ይመጣል። አንቺንና ባሎቻቸው እዚያ የቀሩባቸውን ጓደኞችሽን ማነጋገር ይፈልጋል። ምን ሊላችሁ እንደሆነ ከኔ ከምትሰሚው ከሱ ብትሰሚው ይሻላል። እባክሽ በደንብ አነጋግሪው። ስልክ ብታነሺ ኖሮ ስንት ነገር በቀለለ! ግን «ስልክ ላይ ሰው አያስጨርስም» ብለሽ ከማልሽ ወዲያ ምን ይደረጋል፣ ይኸው ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

ድንቢጥሽ


ጥቅምት 19

ለድንቢጤ፣

ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፣ እሱን ግን አንቺ ስለማትጠግኚው አላወራሽም።

ሰውዬሽ መጣ። ጫማው ፊት ያሳያል። አምስታችንንም መብራት ቤት ሰበሰበን፤ ወንዶቹ ከመውረዳቸው በፊት የራስ መብራታቸውን የሚወስዱበት ክፍል፣ ታስታውሺው እንደሆነ። የግድግዳው መንጠቆ ሁሉ አሁንም አለ። «እናቶቼ» ብሎ ጀመረ። እትዬ ጉሮሮ ወደኔ ጠጋ ብላ «ከየትኛችን ነው የተወለደው?» አለችኝ። ሹክ አለችኝ ልልሽ ነበር፣ ነገር ግን የሷን ሹክታ ታውቂዋለሽ፤ ውጭ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ሳቀ።

ከዚያ ነገሩን ዘረዘረው። ጥቁር ልብስ ይሰፋልናል። ጎብኚዎቹ ወደ ታች ወርደው ሳሉ መብራት ይጠፋል፣ በድምፅ ማጉያ የሚደረመስ ድንጋይ ይሰማል፣ የሰው ጩኸት ይሰማል። ደንግጠው ሲወጡ እኛ «የሐዘን ክፍል» በሚሉት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እያለቀስን እንቆያቸዋለን። በቀን ሦስቴ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አራቴ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል ነው እኔ የማውቀው። በፈረቃ አለቀሱ ሲባል ግን ገና መስማቴ ነው።

«ሳቅ ቢመጣብንስ?» አልኩት። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ ፈለገ፤ መልሱ አልተጻፈለትም መሰለኝ።

እምቢ ብለናል፣ አምስታችንም። እኔ ባሌን ያለቀስኩት በሬን ዘግቼ ነው። ለማንም አላሳየሁም፣ ላንቺም ጭምር። አባትሽ ካርታ ሲጫወት የሚሰርቅ፣ ሲዘፍን የሰፈር ውሻ የሚያስጮህ ሰው ነበር። «ስለሱ አጫውቱን» ቢሉኝ አፌ እስኪደርቅ አወራላቸው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። የፈለጉት እንባዬን ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

እናትሽ


ኅዳር 2

እማዬ፣

ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪ። አልጠግንሽም፣ ግን ልቆጣሽ እችላለሁ።

ሐሳቡን ማን አመጣው ላልሽው፣ እንዲህ ያለ ነገር ካንድ ሰው ብቻ አይመጣም። ብዙ ስብሰባ ተደርጎበታል፣ ብዙ ሰው አይቶታል። እሱን ተዪውና አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አንዴ ብቻ ሞክሪው። አንድ ቀን ተቀመጪበት። ካልተመቸሽ ትነሻለሽ።

እናንተ እምቢ ካላችሁ ሥራ አስኪያጁ ተዋናዮች ይቀጥራል። እንዲያውም አንቺን ሆና የምትጫወት ልጅ አግኝቷል። በሚመጣው ሳምንት አብራሽ ለመሰንበት ትመጣለች። አረማመድሽን፣ አነጋገርሽን፣ አለቃቀስሽን ልታጠና ነው። ክፉ አትናገሪያት፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።

ደግሞስ እማዬ፣ ሰው ከሩቅ መጥቶ አብሮሽ ቢያለቅስ ምን አለበት? አንድ ቀን እንኳ ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም። ለመቼ ነው የምታስቀምጪው?

ልጅሽ


ኅዳር 14

አንቺ ልጅ፣

አልቃሿ መጣች። እኛ ሰፈር ስሟ ይኸው ነው። ቀጭን ናት፤ በሩን አልፋ ስትገባ በሩ እንኳ አላወቀም። «እንዴት እንደሚያለቅሱ ያሳዩኝ» አለችኝ። ባልዲ ሰጥቼ ውኃ ቀድታ እንድትመጣ ላክኋት። ተመልሳ ስትመጣ «አሁንስ?» አለች። መጥረጊያ ሰጠኋት። እንዲህ እንዲህ እያልን ተዋደድን።

ልቅሶ አላስተማርኳትም። ስድብ ነው ያስተማርኳት፣ የጉድጓዱን ስድብ። አንቺ የጉድጓድ ሰው ልጅ ስለሆንሽ ምን እንደሆነ አልነግርሽም። እትዬ ጉሮሮ እየመጣች ታርማታለች። ልጅቷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ ትናንት እትዬ ጉሮሮን ሰድባት እትዬ ጉሮሮ ዝም አለች። ሰፈሩ ይህን ተአምር ሲያወራ ነው የዋለው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አልቃሿ የሐዘን ክፍሉን ሥዕል ይዛ መጥታ ነበር። ዘርግታ አሳየችኝ። መስኮቱን አየሁ፣ መጋረጃውን አየሁ፣ አግዳሚውን አየሁ። ከአግዳሚው እግር ባንዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጓል። እንዳይወላገድ።

እንዲህ ያለ አግዳሚ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሱም አሁን ተቀምጬበት የምጽፍልሽ ነው።

ስለዚህ ስብሰባሽን ተዪልኝ። የሣልሽው አንቺ ነሽ፣ ያሰብሽውም አንቺ ነሽ። ባዳ ቢያደርገው ሰድቤ እተወው ነበር። አንቺ ግን ንገሪኝ፤ እኔን ማስለቀስ ለምን አስፈለገሽ? ዝም ብትዪ ደግሞ መጥቼ እጠይቅሻለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ።

እናትሽ


ኅዳር 25

እማዬ፣

እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ያደረገው ድምፅ ማጉያውን መጨመር ብቻ ነው። ክፍሉ፣ አግዳሚው፣ ጥቁሩ ልብስ የኔ ነው። ስብሰባ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ፈርቼሽ ነው።

ለምን አልሽኝ። ይኸው።

ያን ቀን ጠዋት ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ከወትሮው ቀድሜ ነቅቼ ነበር። አባዬ በሩን ከፈተ። አንቺ ከውስጥ ሆነሽ «ሂድ ወዲያ፣ አንተ አሮጌ ጆንያ! አንተን የዋጠ ጉድጓድ ሆዱን ይቁረጠው!» ብለሽ ጮኽሽበት። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ዋጠው።

ልጅ ነበርኩ እማዬ። ምድር የሰማችሽ መሰለኝ። ተጣልታችሁ እንደተለያያችሁ፣ የመጨረሻ ቃልሽ እርግማን እንደነበረ፣ እርግማኑም እንደደረሰ ነው ይዤው ያደግሁት። አክስቴ ጋ ከተማ ስትልኪኝም ዓይኔን ማየት አቅቶሽ ነው አልኩ። አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም። «አዎ» ብትዪኝስ?

ስታለቅሺ አላየሁሽም። ጥፋቱ አፍኖሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ኩባንያው ይህን ቦታ ሲሰጠኝ፣ ማንም ለምን ሳይልሽ የምታለቅሺበት ክፍል ሠራሁልሽ። ለጎብኚው ጉብኝት ነው። ለኔ ግን ላንቺ የሠራሁት ክፍል ነው።

ተቆጪኝ። ዝም ግን አትበዪ።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣ የኔ ሞኝ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ ያዘኝ። ከዚያ አለቀስኩ፣ በሬን ዘግቼ። አልቃሿ ደጅ ቆማ ስታንኳኳ አልከፈትኩላትም። እንዲያ አምሯት የመጣችውን ልቅሶ በጆሮዋ ብቻ ሰማችው።

ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ተሸክመሽ! እኔ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ አታውቂም ብዬ እንዴት ላስብ? ግን ከየት ታውቂዋለሽ። ወንዶቹ ሲወጡ እናንተ ልጆች ተኝታችሁ ነው። አንቺንም ወዲያው ከተማ ላክሁሽ፣ እዚህ ትምህርት ቤቱም ከጉድጓዱ ጋር ስለተዘጋ። ስድቡም አብሮ ተዘጋ። ማንን እንሰድባለን?

እንግዲህ ስሚ። ጉድጓድ ለሚወርድ ሰው ምርቃት የለም። «በሰላም ግባ» ካልሽው ምድር ትሰማለች። «ይሄማ የሚወደድ ነው» ብላ ታስቀረዋለች። ስለዚህ የምትወጂውን ትሰድቢዋለሽ፣ ምድር ንቃ እንድትመልሰው። የበለጠ የምትወጂውን የበለጠ ትሰድቢዋለሽ። ማታ ሲመለስ ከበሩ ቆሞ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ተፋኝ» ይላል፣ ጉድጓዱን ማለቱ ነው፤ ሰምተሽው ይሆናል፣ ትርጉሙን ግን ማን ነገረሽ። ይህን ሳይል አይገባም። መልሱንም የሚሰጠው ለሰደበችው ሰው ብቻ ነው። አባትሽ «ተፋኝ» ሲል ደረቱን ነፍቶ ነበር፣ ጉድጓዱን በካርታ የበላው ይመስል።

«ታዲያ ለምን አልሠራም?» ትዪኝ ይሆናል። አይሠራማ! ጣሪያ ሲወድቅ ስድብም ምርቃትም አይሰማም። የበሰበሰውን ምሰሶ ቀይሩ ቢባሉ ያልቀየሩ ሰዎች ናቸው የገደሉት። ምድርም አይደለችም፣ የኔም አፍ አይደለም። ይህን ልብሽ ላይ ጻፊው።

አሮጌ ጆንያ ማለት ከስድቦቼ ሁሉ የላቀው ነበር፤ ለሌላ ሰው ብዬው አላውቅም። አባትሽ እየሳቀ ነው የወጣው። አንቺ ጫማሽን እያሰርሽ ነበርና ፊቱን አላየሽም።

እናትሽ


ታኅሣሥ 20

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። አሁን ቀለሙ ለቋል።

የሐዘን ክፍሉን ሥዕል፣ እኔ ጋ ያለውን፣ ቀደድኩት። በምትኩ የሣልኩትን ልንገርሽ። ጎብኚው መብራት ቤት ይገባል፣ ከመንጠቆው የራስ መብራት ይወስዳል። ከዚያ ወደ አሳንሰሩ በር ሲመጣ እናንተ ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ፣ በራሳችሁ ልብስ። ከላይ እስከ ታች ታዩታላችሁ። ከዚያ ትሰድቡታላችሁ፣ እያንዳንዱን እንደ አመሉ፣ እንደ አፍንጫው፣ እንደ ኮፍያው። ታች ድምፅ ማጉያ የለም። እነ አባዬን ይዞ እስከተዘጋው ግድግዳ ይሄዳል፣ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል፣ ይመለሳል። ሲወጣ የሰደበችው ሴት በር ላይ ናት። «ተፋኝ» ካላለ አታሳልፈውም። ከዚህ በኋላ ቤቱ ገብቶ «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሰው ካለ ሥራዬን እለቃለሁ።

«እንግዳው ቢቀየምስ?» ትዪኝ ይሆናል፤ የሚቀየም ይኖራል። ይቀየም። ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ሳይፈልግ የሚሰደብ የለም።

ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። «ከፍሎ የመጣ ሰው ይሰደባል?» አለኝ። አስረዳሁት። «ሰው ሐዘን ነው የሚፈልገው» አለኝ። እንደገና አስረዳሁት። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በመጨረሻ ነገሩን ለባለቤቶቹ አደረሰው። ጥር 15 በዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ አለ። የመጀመሪያውን ሥዕል ይዤ እንድገባ፣ አለዚያ ጭራሽ እንዳልገባ ነግሮኛል። እኔ አዲሱን ይዤ እገባለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፣ እንዲህም ፈርቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን እናንተ ዘንድ ሙከራ አለ። ጥቂት የተጋበዙ ሰዎች ይወርዳሉ። ልመጣ አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

ድንቢጥሽ


ጥር 6

ለልጄ፣

ቁርጡን ልንገርሽ፤ በሙከራው ቀን እኔም እወርዳለሁ። ዘበኛው ስሜን ጽፎታል። «ጉልበትዎስ?» አለኝ፤ «የሚያወርደኝ አሳንሰር ነው፣ ጉልበቴ ምን አገባው» አልኩት።

በዚያ ዘመን ሴት አትወርድም ነበር። ሴት ከወረደች ጉድጓዱ ይደረመሳል ይሉ ነበር። ሳንወርድም ተደርምሷል። እንግዲህ ይህን ያህል ዓመት ደጁ ላይ ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ አሁን ገብቼ ላየው ነው።

ከሁሉ የቸገረኝ አንድ ነገር ነው፤ ማን ይስደበኝ? ጓደኞቼ ተሰልፈዋል። እትዬ ጉሮሮማ ለዓመታት ያጠራቀመችው አላት፣ ምራቋን እየዋጠች ቀኑን ትጠብቃለች። ግን የሚሠራው የቤት ስድብ ነው። ከቤቴ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ስድቤን ጽፈሽ ላኪልኝ። እንዳትራሪልኝ! ትንሽ ምርቃት ጣል ያደረግሽበት እንደሆነ ምድር ታሸተዋለች።

አንቺም ያን ቀን የምትገቢበት ጉድጓድ አለሽና ያንቺን ይኸው፤ ስትገቢ አንብቢው። አንቺ ችኮ! አንቺ አጥንት! ሆድ ይፍጀው ብለሽ ሠላሳ ዓመት የቆየሽ ድንጋይ ራስ! ከከተማ እስከ ገጠር ያንቺን ያህል ደረቅ አልተፈጠረም። ሂጂ ወዲያ! አንቺን የዋጠ ሁሉ ትን ይበለው!

እናትሽ


ጥር 11

እማዬ፣

ስንት ወረቀት ቀደድኩ። እጄ ምርቃት ይጽፋል። «አደራ ቀስ ብለሽ» ይላል፣ «እግዜር ይከተልሽ» ይላል፣ እቀደዋለሁ። ያቺን ቃል በልጅነቴ በጆሮዬ ከሰማሁ ጀምሮ ባፌ አንስቻት አላውቅም። ሌላ ሰው ሲላት እንኳ ክፍሉን ለቅቄ እወጣ ነበር። ዛሬ ግን በሬን ዘግቼ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ጻፍኳት። ጎረቤቴ ሰው የገደልኩ መስሎት መጣ። እንግዲህ ያዢ።

አንቺ አኩራፊ! አንቺ ስልክ የማታነሺ፣ ልጅሽን በአውቶቡስ ሹፌር ያሳደግሽ! በር ዘግቶ አልቃሽ፣ በር ከፍቶ ተሳዳቢ! ጉልበትሽ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቋቋ፣ ሐኪም ስታዪ እንደ ድመት የምትሸሺ! ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ! የሰው ልጅ ልቅሶ ልትማር ብትመጣ መጥረጊያ የምታሲዢ! ማን ይፈልግሽና ነው የምትወርጂው? ከሰሉ እንኳ ይጠየፍሻል። ሂጂ ወዲያ፣ ከፊቴ ጥፊ! አንቺ አሮጌ ጆንያ! አንቺን የዋጠ ጉድጓድ ሆዱን ይቁረጠው!


ጥር 18

ለድንቢጤ፣

ሹፌሩ ዛሬ የሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ተፉኝ»። አባረሩሽ ማለት ነው። አልደነገጥኩም። ትን ያለው ሰው የዋጠውን ይተፋል። ቆመሽ ተናግረሽ እንደወጣሽ ከቃሏ አጻጻፍ አየሁት፤ ወረቀቱን ልትበሺው ምንም አልቀረሽ።

እዚህ ደግሞ የሆነውን ስሚ። በሙከራው ቀን አልቃሿን ጥቁር አልብሰው ያንን የሐዘን ክፍል አስጀመሯት። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሲወጡ ከኩባንያው አግዳሚ ብድግ ብላ የሥራ አስኪያጁን ጫማ ሰደበችው። ጫማውን ብቻ፣ ከቆዳው እስከ ማሰሪያው። እሷም እንዳንቺው ተባርራ እኔ ዘንድ ናት፣ ውኃ እየቀዳች።

እኛ አራዳዎቹ ደግሞ አስበንበታል። በሩ የኩባንያው ነው። ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ግን የማንም ነው። ያን ቀን አግዳሚዬን ከነድንጋዩ አውጥተን መንገዱ ዳር አስቀመጥነውና የሚገባውን ሁሉ፣ ፈቃዱን እየጠየቅን፣ በነጻ ሰደብነው። አንድ ቦርጫም ሰውዬ እትዬ ጉሮሮ ጨርሳ ስታበቃ «ለባለቤቴም ጨምሩልኝ፣ ቤት ናት» አለ። ሲወጡ የሐዘን ክፍላቸውን ጥለው ወደኛ ሮጡ፣ «ተፋኝ! ተፋኝ!» እያሉ። ከሚያዝያ ጀምሮ በየቀኑ እዚያ ነን። ሥራ አስኪያጁ መንገዱንም መግዛት ከቻለ ይሞክር። ያንቺ ቦታ አግዳሚው ላይ አለ፤ ከድንጋዩ በኩል ተቀመጪ፣ እዚያ አይወላገድም። ያቀድሽውን ሠርተሽ አሳዪን።

አሁን የኔን ልንገርሽ። ወረድኩ። ታች ይበርዳል። የተዘጋው ግድግዳ ጋ ስደርስ ሌሎቹ ወደኋላ አሉልኝ። ድንጋዩን በእጄ ነካሁት። «አንተ ካርታ ሌባ» አልኩት። «ልጅህ ስድብ እንደቻለች ሰምተሃል?» ከዚያ ደብዳቤሽን አውጥቼ ከመጀመሪያው ስድብ እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አሮጌ ጆንያ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅሁ። አላለቀስኩም። እሱም የሚስቅ ነበር።

ስወጣ ጓደኞቼ በር ላይ አፍ አፌን እያዩ ቆመው ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩላቸውም። እትዬ ጉሮሮ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። መልስ የሚሰጠው ለሰደበ ሰው ነው፤ ስለዚህ አፌ ውስጥ ይዤያት አንቺም ካንቺው ጉድጓድ መውጣትሽን እስክሰማ ቆየሁ። አሁን ሰማሁ።

ልጄ፣ ተፋኝ።